መብራት ነቃዮችና አደባባይ አፍራሾች



በአሜሪካ ኢንዲያና ስቴት፣ ከኢንዲያናፖሊስ በስተሰሜን፣ ካርሜል የምትባል መቶ ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1924 ሌስሊ ሄይንስ የተባሉ የከተማዋ ሰው በዋናው መንገድ መገናኛ ላይ፣ ፖሊስ ሳይነካው በራሱ የሚበራና የሚጠፋ የትራፊክ መብራት ተከሉ። በአገሪቱ ከነበሩት ቀደምት አውቶማቲክ መብራቶች አንዱ ነበርና ካርሜል ዛሬም ታሪኩን በኩራት ታወራለች። የሚገርመው ግን የከተማዋ ስም ዛሬ የሚነሳው መብራት በመትከል ሳይሆን በመንቀል መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን አደባባዮች ሠራች፤ አሁን ቁጥራቸው ከ150 አልፏል። በመላው አሜሪካ ይህን ያህል አደባባይ ያላት ሌላ ከተማ የለችም።

የነገሩ ጠንሳሽ ጂም ብሬናርድ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን እንግሊዝ አገር ቆይተው ነበርና መኪና ቀይ መብራት ሥር ሳይገተር እየዞረ የሚያልፍበትን መገናኛ እዚያ አይተው ወደዱት። በ1996 የካርሜል ከንቲባ ሲሆኑ ሐሳቡን ይዘው መጡ። ያኔ አብዛኛው አሜሪካዊ ሹፌር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በዚያ አገር የመጀመሪያው ዘመናዊ አደባባይ የተሠራው ገና በ1990፣ ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ሰመርሊን በሚባል አዲስ ሰፈር ነበር። ከንቲባው ሰባት ጊዜ ተመርጠው እስከ 2023 መጨረሻ በሥልጣን ቆዩ። መራጩ አደባባዩን አምርሮ ጠልቶት ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ምርጫ በኋላ ስድስት ጊዜ ለመናገር ዕድል ነበረው ማለት ነው።

ካርሜል ግን የተለየች ናት። መብራት ተነስቶ አደባባይ ሊሠራ ነው በተባለበት ሌላ ሰፈር ሁሉ ነዋሪው አዳራሽ ሲጠራ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። አዛውንቶች ግራ ይጋባሉ ይባላል። መኪናው ካልቆመ ተማሪዎች በየት በኩል ይሻገራሉ? ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና እንዴት ይዞራል? የእሳት አደጋ መኪናስ? የማዕዘኑ ቤት ባለቤት አጥሬ ሊነካ ነው ብሎ ይሰጋል። ደህና የሚሠራ መብራት እያለ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ፣ በእኛ አባባል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚል ወገንም አይጠፋም።

ከእነዚህ ስጋቶች አንዳንዶቹ ቀላል መልስ አላቸው። ለረጅም መኪና ሲባል በመሐለኛው ክብ ዙሪያ ከአስፋልቱ ትንሽ ከፍ ያለ ንጣፍ ይሠራል። የቤት መኪና ስለሚያንገጫግጨው አይወጣበትም፤ የተሳቢው የኋላ ጎማ ግን እየረገጠው ያልፋል። የእሳት አደጋ መኪናም በዚያው ንጣፍ ይጠቀማል። የማዕዘኑ ቤት ባለቤት ስጋት ግን እውነት ነው፤ አደባባይ ከመስቀለኛ መንገድ ይልቅ ማዕዘን ይበላል። የተማሪዎቹና የእግረኛው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነውና በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ተቃውሞው ራሱ አንድ ጠቃሚ ጥናት አለ። በአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደጉሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም በካንሳስ፣ በሜሪላንድና በኔቫዳ አደባባይ የተሠራባቸውን ሦስት አካባቢዎች ሹፌሮች ጠይቆ ውጤቱን በ2002 አወጣ። ከግንባታው በፊት ደጋፊው 31 በመቶ ነበር። ተሠርቶ ሰዉ መንዳት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ 63 በመቶ ሆነ። አጥብቀው ይቃወሙ የነበሩት ከ41 በመቶ ወደ 15 ወረዱ። አዳራሽ ውስጥ እጁን የሚያወጣው ሰው ድምፁን የሚሰጠው ነድቶበት ስለማያውቀው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ተቃውሞ መብዛቱ ብቻውን ዕቅዱ መጥፎ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ጥናት ግን ባለ አንድ መስመር የሆኑና የቁም ምልክት የነበረባቸውን ትንንሽ መገናኛዎች የሚመለከት ነው። አምስት ጎዳና የሚጎርፍበትን የከተማ እምብርት በዚህ ቁጥር መሟገት አይቻልም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አራት መንገድ በሚገናኝበት ተራ መስቀለኛ ላይ የሁለት መኪኖች ጉዞ ሊቆራረጥ ወይም ሊገጣጠም የሚችልባቸው 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ይበልጥ ትልቁ ልዩነት ግን በእነዚያ ነጥቦች ላይ የሚደርሰው ግጭት ዓይነት ነው።

መብራት ያለበትን መገናኛ አስቡት። አረንጓዴ የበራለት ሹፌር ፍጥነቱን አይቀንስም። ቢጫ ሲያይ ብዙው ሰው ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ነዳጅ ይረግጣል። ከጎን የሚመጣው ስልኩን እያየ ቀዩን ቢጥስ የሚያገኘው የሌላውን ሰው በር ነው። መኪና ከፊት ሲመታ ሞተሩና የፊት አካሉ እየተጨማደዱ ከኃይሉ ብዙውን ይቀበሉለታል። ከጎን ሲመታ ግን በሹፌሩ ጎድንና በመጪው መኪና መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነው። ለሞት የሚዳርገው የመስቀለኛ መንገድ አደጋ በአብዛኛው ይህ ነው፤ መብራቱ እየሠራ፣ ሕጉ ተጽፎ፣ ጥፋተኛው ተለይቶ እያለ ሰው ይሞታል።

አደባባይ ላይ ቀጥ ብሎ መብረር አይቻልም። መሐሉ ላይ አፈር ይቆለልና ሣር ወይም ዛፍ ይተከልበታል። ለውበት ብቻ ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ሹፌሩ ማዶውን አሻግሮ እያየ እንዳይፈጥን ነው። መግቢያው ጠበብና ጎበጥ ተደርጎ ስለሚሠራ በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ካልሆነ አያስገባም። ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ቢነካኩ ይፋተጋሉ እንጂ ፊት ለፊት አይላተሙም። የመኪና ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 60 የሚሄድ መኪና 30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። የአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር መብራት ያለበት መገናኛ ወደ አደባባይ ሲቀየር ሞትና አካል ጉዳት የሚያስከትሉ ግጭቶች በ78 በመቶ እንደሚቀንሱ ያስታወቀው ከዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ የሰፈር ስብሰባ “የትኛው ቶሎ ያሳልፋል?” ተብሎ ሲከፈት ክርክሩ ገና ከመነሻው አቅጣጫውን ይስታል። ሹፌር ይሳሳታል፤ ይህን ማንም አያስቀረውም። ሊጠየቅ የሚገባው በየትኛው መገናኛ ላይ ሲሳሳት መከላከያ ብቻ እንደሚታጠፍ፣ በየትኛው ላይ ደግሞ ቀብር እንደሚወጣ ነው።

የሚታጠፈው መከላከያ ታዲያ ጥቂት አይደለም። በሚሺጋን፣ አን አርበር ከተማ ጠርዝ ላይ፣ የስቴትና የኤልስወርዝ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ በ2013 ባለ ሁለት መስመር አደባባይ ሆነ። ግጭቱ ቀድሞ ከነበረው ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ መገናኛው በአካባቢው ብዙ ግጭት ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች ተርታ ገባ። ነዋሪው “ደህንነት ያላችሁት ይህ ነው?” ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ከግጭቶቹ ብዙዎቹ ግን የተፋቀ ቀለምና የተሰበረ ፍሬቻ ነበሩ። ሁለት መስመር ሲሆን ሹፌሩ ገና ሳይገባ የቱን መስመር መያዝ እንዳለበት መወሰን አለበት፤ ብዙው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ባለ ሁለት መስመር አደባባዮችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ግጭቱ በየዓመቱ በአማካይ 9 በመቶ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ሰዉ ይማራል ማለት ነው፤ ግን ትምህርቱ ዓመታት ይፈልጋል፤ ክፍያውንም ጋራዥ ይሰበስባል።

አደባባይን የሚጠሉ የአሜሪካ አዛውንቶችም ያለ ምክንያት አይደለም የሚጠሉት። እነሱ የሚያውቁት ሌላ አደባባይ ነው። የኒው ዮርኩ ኮለምበስ ሰርክል በ1905፣ የፓሪሱ ኤቷል በ1907 መኪናና ሠረገላ በአንድ አቅጣጫ የሚዞርባቸው ክቦች ሆኑ። የያኔዎቹ አደባባዮች ግዙፍ ነበሩ፤ በብዙዎቹም ቅድሚያ የሚሰጠው ከውጭ ለሚገባው ነበር። ውስጥ ያለው እየቆመ አዲስ መጪ ሲያስገባ ክቡ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚወጣም የሚገባም የለም። ኒው ጀርሲ እንዲህ ዓይነት ክቦች ከሞሉባቸው ስቴቶች አንዷ ነበረች፤ ብዙዎቹን አፍርሳ መብራት አድርጋባቸዋለች።

መፍትሔው የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ፍራንክ ብላክሞር የተባሉ የመንግሥት የመንገድ ምርምር መሐንዲስ ቅድሚያውን ገለበጡት፤ የሚገባው ይጠብቅ፣ ውስጥ ያለው ይለፍ አሉ። ደንቡ በ1966 በመላ አገሪቱ ጸደቀ። በዚህች አንዲት ለውጥ የተቆለፈው ክብ ተከፈተ፤ መጠኑንም ማሳነስ ተቻለ፤ መጠኑ ሲያንስ ፍጥነቱም አብሮ ወረደ። ብላክሞር በዚህ አላበቁም። በ1972 ስዊንደን ከተማ ላይ አምስት ትንንሽ አደባባዮችን በአንድ ትልቅ ክብ ዙሪያ ደርድረው፣ መሐሉ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞር አደረጉት። እንግሊዞች “አስማተኛው አደባባይ” ይሉታል። ሥዕሉን ያየ ሰው ራሱን ያዞረዋል፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላም እየሠራ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዱ ወገኖቻችን ዱፖንት ሰርክልን አሳምረው ያውቁታል። ክብ ነው፤ መብራት ግን በየአቅጣጫው ተተክሎበታል፤ የኮኔቲከት ጎዳናም ከሥሩ በዋሻ ያልፋል። ከካርሜሉ ጋር የሚያመሳስለው ክብ መሆኑ ብቻ ነው። “አደባባይ እኔ አውቀዋለሁ፣ አይሠራም” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው ዱፖንት ወይም የኒው ጀርሲው ክብ ነው።

አዲስ አበባ የሄደችው የካርሜልን ተቃራኒ ነው። አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ፣ ፒያሳ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በክብ መሐል ቆመዋል። እነዚህ ክቦች የተበጁት ሐውልቱ ከየአቅጣጫው እንዲታይ፣ ሕዝብም በበዓል ቀን እንዲሰበሰብበት ነው። መኪናው ኋላ በብዛት መጣና አጥለቀለቃቸው። ከዚያ ወዲህ ከሐውልቶቹ ርቀው በየሰፈሩ መግቢያ የተሠሩት ሌሎች አደባባዮችም መጨናነቁን አልቻሉትም። ባለፉት አሥራ ምናምን ዓመታት ከተማዋ በርካቶቹን አፍርሳ በምትካቸው መብራት ተክላለች። በየታክሲው ውስጥ “አደባባዩ እያለ ይሻል ነበር” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ከጎኑ ደግሞ “ተው እንጂ፣ ያኔ እኮ አንድ ሰዓት እንቆም ነበር” የሚል ይቀመጣል። ሁለቱም የሚያወሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው።

ያዩትን በቅርብ እንየው። ሥራ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ “በግራህ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጥ” ብሎ ያስተማረው ሹፌር ሁሉ አደባባዩ አፍ ላይ ተደርድሯል። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። አንዱ ሚኒባስ አፍንጫውን ያስገባል፤ ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ እጁን እያወናጨፈ መጪውን ያስቆማል። ሌላው ይከተለዋል። ክቡ ውስጥ ያለው ቆመ። የእሱ መቆም ከኋላው ያለውን መውጫ ዘጋ፤ ያ መውጫ ሲዘጋ ቀጣዩ ተዘጋ። አንድ ጎዳና ላይ የጀመረው መጨናነቅ በደቂቃዎች ውስጥ አራቱንም ይዟል። ከዚያ ትራፊክ ፖሊሱ ይገባና በፊሽካና በእጁ የመብራትን ሥራ ይሠራል። የ1966ቱ የእንግሊዝ ደንብ ሊያስቀረው የተነሳው ይሄንኑ ነበር። እኛም ዘንድ ደንቡ ተጽፏል፤ ያጣው የሚያከብረው ነው። በዚያ ላይ አደባባዮቻችን ሰፋፊ ናቸው። መንገዱ ሲለቅ፣ ሌሊት ወይም እሑድ ጠዋት፣ ሹፌሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይዞራቸዋል። በቀን ይቆለፋሉ፣ በሌሊት ያስበርራሉ።

እንግዲህ አዲስ አበባ ያፈረሰችውና ካርሜል የሠራችው ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ጠባብ መግቢያ፣ ትንሽ ክብ፣ የተከበረ ቅድሚያ ያለው አደባባይ አዲስ አበባ ላይ ገና በወጉ አልተሞከረም። ይህ ማለት ግን ሁሉም መብራት ተነቅሎ ክብ ይሠራ ማለት አይደለም። ባለ አንድ መስመር አደባባይ በቀን እስከ 25,000 መኪና፣ ባለ ሁለት መስመሩ እስከ 45,000 ያህል ያስተናግዳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደንብ ቢከበርም ይቆለፋል። ሜክሲኮ አደባባይን የመሰለ ቦታ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ወደ እግረኛው እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። ካርሜል ውስጥ አደባባዩን የሚሻገር እግረኛ አልፎ አልፎ ይታያል፤ መርካቶ አጠገብ ግን ጭነት የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ ዱላ የሚመረኩዝ ሰው ሳያቋርጥ ይጎርፋል። ይህ ልዩነት የካርሜልን ውጤት እንዳለ ከመቅዳት በፊት ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። መብራት ለእግረኛው የራሱ የሆነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ጥቂት ሴኮንድም ቢሆን የእሱ ነው። አደባባይ የሚሰጠው የሹፌሩን በጎ ፈቃድ ነው። ትንሹ አደባባይ ይህን ለማካካስ በመግቢያና በመውጫው መካከል ደሴት ይሠራል፤ እግረኛው አንዱን አቅጣጫ ብቻ አይቶ ይሻገርና ደሴቱ ላይ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። ዜብራው ደግሞ ከክቡ አፍ አንድ መኪና ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። በዝግታ ከሚገባ መኪና ፊት ይህ በቂ ነው። ቅድሚያ የማይሰጥ ሹፌር በበዛበት ግን ደሴቱ መቆሚያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዓይነ ስውሩን ደግሞ አስቡት። መብራት ባለበት መገናኛ መኪናው ሲቆም ድምፁ ይቆማል፤ ያን ሰምቶ ይሻገራል። አደባባይ ላይ ድምፁ አይቆምም። የትኛው መኪና እየዞረ እንደሆነ፣ የትኛው ሊወጣ እንደሆነ በጆሮ መለየት እጅግ ያስቸግራል። የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ማኅበረሰብ ለዓመታት ሲጮኽ ኖሮ በ2023 የወጣው የፌዴራል የእግረኛ መንገድ መመሪያ ባለ ብዙ መስመር አደባባዮች ማቋረጫ ላይ የእግረኛ መብራት፣ የሚያብለጨልጭ ማስጠንቀቂያ ወይም ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ እንዲኖር ደነገገ። አደባባይ ወዳጆች ይህን መጥቀስ አይወዱም፤ መብራት ነቅለው የሠሩት ክብ ላይ መብራት ተመልሶ መምጣቱ ነዋ።

መብራትም የራሱ ጣጣ አለው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የአዲስ አበባ ሹፌር ይህን ሊነገረው አያስፈልግም። ክብ ግን ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም ክብ ነው።

አዲስ አበባ ለእግረኛ ስትል ያደረገችው አንድ ጥሩ ሙከራ ከመብራትም ከክብም ውጭ ነው። ለገሃር መገናኛ ላይ፣ በብሉምበርግ የመንገድ ደህንነት ፕሮግራም እገዛ፣ መኪና በማያስፈልገው ሰፊ አስፋልት ላይ ቀለም ተቀብቶና መከለያ ተደርድሮ የእግረኛ ቦታ ተሠራ፤ ማቋረጫው አጠረ፤ የመኪናው መታጠፊያ ጠበበ። ብዙ ኮንክሪት ሳይፈስ መኪናው እንዲዘገይ ተደረገ። የካርሜል አደባባይ በድንጋይና በአፈር የሚሠራውን ለገሃር በቀለም ሞከረችው።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። በአያት፣ በሰሚት፣ በጀሞ ውስጥ ለውስጥ ሁለት መንገዶች የሚቋረጡባቸው፣ መብራትም ፖሊስም የማይደርስባቸው መገናኛዎች ትንሽ አደባባይ ያስፈልጋቸዋል፤ መግቢያው የጠበበ፣ ደሴትና ወደ ኋላ የተሳበ ዜብራ ያለው። ሕዝብና መኪና የሚጎርፍባቸው ታላላቅ መገናኛዎች መብራታቸውን ይዘው ይቆዩ፤ ለእግረኛው የሚሰጡት ሴኮንድ ግን ይጨመር። ወረዳው ለስብሰባ ሲጠራችሁ “አደባባይ ይሻላል ወይስ መብራት?” የሚለውን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ፕላኑ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ በሉ። መግቢያው ስንት ሜትር እንደሆነ፣ መኪና በስንት ፍጥነት እንደሚገባ፣ ዜብራው የት እንደተሠመረ መሐንዲሱ በጣቱ ያሳያችሁ። ይህን ማሳየት ካልቻለ ክብም ይሁን መብራት አትፈርሙለት።